የካልሲየም በሮችና ኮሪደር የወጣው ፍሪጅ

በቤተሰቡ ዘንድ «እታለም» እየተባሉ የሚጠሩት ተመራማሪ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የቤቱን ቁልፍ ፈታተው መልሰው መግጠም ስላቃታቸው ቤተሰቡ በሩን በወንበር ደግፎ ሰንብቷል።

ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው በዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ ሆኑ። አንድ የነርቭ ሴል ለጎረቤቱ መልእክት የሚያቀብለው ጫፉ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ካልሲየም ሲገባ ነው። በሮቹ መቼ እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ እታለም ዕድሜያቸውን የሰጡት እነሱን ለማወቅ ነው። ክፉ ክፉው የሚታያት ታናሽ እህታቸው «ባይዘጉስ?» ስትላቸው፣ «እኔም የምጠይቀው እሱን ነው፣ እህትዋ» ይሏት ነበር።

በ1979 ዓ.ም. የላቦራቶሪውን መብራት ሊጠግኑ የመጡትን ኤሌክትሪሺያን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1991 ዓ.ም. አንድ ፕሮቲን ሲጨምሩ በሮቹ መከፈታቸውን መሣሪያው አሳያቸውና ለባልደረቦቻቸው አበሰሩ። ብዙም ሳይቆዩ ሴል በሌለበት ሳህን ቢሞክሩት ያው ምልክት መጣ። ለካ ፕሮቲኑን ሊያወጡ ፍሪጁን በከፈቱ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል፤ መሣሪያው የሚቀበለው የሞተሩን የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። ታናሽ እህታቸው ከሥራ መባረራቸው ነው ብላ ልጆቿን አስለቀሰች። እሳቸው ግን ስብሰባ ላይ ቆመው «ያገኘሁት የፍሪጅ በር ነው» ብለው ከሰው ሁሉ ቀድመው ሳቁ። ከባለቤታቸው ጋር ፍሪጁን ኮሪደር ገፍተው አወጡና ሥራውን «ሀ» ብለው ጀመሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛው መጣ። ፕሮቲኑ ሲኖር በሮቹ ይከፈታሉ፣ በሌለ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ባዶው ሳህንም ዝም አለ። ደውለው «የዛሬው ፍሪጅ አይደለም» ቢሏት እህታቸው እሳት የተነሳ መስሏት ጫማዋን ሳታጠልቅ ወጣች። ስትደርስ ላቦራቶሪውን በሳቅ ተሞልቶ አገኘችው።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ከነርሶቹ ክፍል የፍሪጅ ድምፅ በሰሙ ቁጥር «ይኼን እንኳ አውቀዋለሁ» እያሉ አስታማሚዎቻቸውን ሲያስቁ ከርመው፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ እህታቸውና ያስተማሯቸው ሁሉ በሕይወት አሉ።

ፈጣሪ በሩን ከፍቶ ነፍሳቸውን ይቀበል። ስለዚህኛው በር ታናሽ እህታቸው እንኳ አልሰጋችም።