እርቁ ውስጥ ያልገባችው ልጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 — ፍኖተ ሰላም
«የእናትየዋ ጉዳይ በሽማግሌ እርቅ ስለተዘጋ፣ ልጅቱን በሚመለከት የሚቀጥል ጉዳይ የለም።»
በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ ያገኘሁት ደብዳቤ ቃል በቃል ይኸው ነው። ቁጥርና ማኅተምም አለው። ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት።
የጥናቴ ጥያቄ ቀላል ነው፤ ሚስት በምትደበደብበት ቤት ልጆቹስ? ጽሕፈት ቤቱ የእናቶችን ፋይል በአንድ ክፍል፣ የልጆችን በሌላ ክፍል ያስቀምጣል። አንድ ላይ ያነበበ የለም። ልጅቱ ስምረት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷ ክንዷን ሰብሯታል። አሁን አክስቷ ቤት ናት። ኅዳር 16 መጥቼ እወስዳታለሁ ብሏል።

ማክሰኞ — ቡሬ
እናቷን ወይዘሮ አበባን አገኘኋት። ከእርቁ ወዲህ መትቶሽ ያውቃል? አልኳት።
«እኔንማ አልነካኝም፤ ምሏላ። ዱላው ወደሷ ዞረ እንጂ።»
ቆይታ ደግሞ፣ «ይኸን ጽፈው ምን ያደርጉልናል?» አለችኝ።

ረቡዕ
በባጃጅ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር። ያስታረቋቸውን መምሬ ተገኘን ልወቅስ ነበር የሄድኩት። ሰባት ጥያቄ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ላይ አንገታቸውን ደፉ።
«ሚስትህን እንዳትነካ ብለን አስማልነው። ልጅቱን ማን አስታወሳት?»
ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «ሦስት ሽማግሌ ተሰይማችሁ! ላም ብትሆን ኖሮ እስከ ጥጃዋ ትጠይቁ ነበር» አሏቸው።
መምሬ ሳቁ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ጠረጉ። የቀሩትን አምስት ጥያቄዎች ሳልጠይቅ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ሐሙስ
መምሬ ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዘው ቡሬ ድረስ መጡ። አንደኛው ጉልበቱን ያመዋል፤ በዱላ ነው የሚሄደው። ጽፈው ፈረሙ፦ እርቁ ልጅቱን አልጨመረም፤ ተሳስተናል፤ ነገሩ በሕግ ይታይ። ሸንጎ የሚያከብራቸው ሰዎች ናቸው። በሥራ ዘመኔ «ተሳስተናል» የሚል ፊርማ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ዓርብ — ፍኖተ ሰላም
አክስትየዋ ደወለች፤ «እኔ ሳልሞት በሬን አያልፍም» አለች። እሷንም አመሰግናለሁ። ወይዘሮ አበባ ራሷ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጥታ ቃሏን ሰጠች።
የሽማግሌዎቹን ወረቀት አያይዤ ደብዳቤዬን አስገባሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀኑን ጽፋ ተቀበለችኝ፤ «በርቱ ጋሼ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ይወስኑ አይወስኑ አላውቅም። የመጨረሻውን አንቀጽ እዚህም አስቀምጠዋለሁ፦
«የስምረት ጉዳይ በራሷ ስም መከፈቱንና ውሳኔ እስኪያገኝ አክስቷ ዘንድ እንድትቆይ መታዘዙን፣ እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»