ለፎቶ ያደረግኩት ሄልሜት

ውድ እህቴ፣

ስልክ እንደማታነሺልኝ ስለማውቅ ነው ወረቀት የያዝኩት። አራት ወር ሙሉ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ዝም። ሌላ ከተማ ወዳለው አዲሱ ሥራሽ የሄድሽ ዕለት የገዛሽልኝን ሄልሜት ጸጉር ቤቴ ውስጥ ከመስታወቱ ጎን ሰቅለሽ፣ «ብስክሌት ስትነዳ ይሄንን እስክታደርግ ድረስ ድምፄን አትሰማም» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ሳቅሁ። የምርሽን አልመሰለኝም ነበር።

«ሞተር የምትነጂው አንቺ፣ ሄልሜት የማደርገው እኔ?» አልኩሽ። ለአሥር ደቂቃ መንገድ! ጎፈሬዬስ? ጸጉር አስተካካይ የራሱ ጎፈሬ ተደፍጥጦ ሥራ ቢገባ ማን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል? ማስታወቂያዬ እኮ ነው።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት ያለ ሄልሜት ከሞተር ወድቀሽ ሆስፒታል ስደርስ፣ የጭንቅላትሽ ቁስል በክር እንዲሰፋ ጸጉርሽ መላጨት ነበረበት። ነርሷን «ሙያዬ ነው፣ እኔ ልላጫት» ብዬ ለመንኳት፤ ጓንት አስጠልቃ ፈቀደችልኝ። በሃያ ዓመት ሥራዬ የዚያን ቀን ያህል ቀስ ብዬ ላጭቼ አላውቅም። ስጨርስ ዓይንሽን ገለጥ አደረግሽ። ከልጅነታችን ጀምሮ «አንተ ጎፈሬ» ስትዪኝ የኖርሽው እህቴ፣ በትህትና «እርስዎ ማን ነዎት?» አልሽኝ።

ሦስት ቀን አላወቅሽኝም። በአራተኛው ቀን «አንተ ጎፈሬ፣ ምን ታፈጥብኛለህ?» ስትዪኝ ኮሪደር ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለአንቺ ግን ሻይ ልጠጣ ነው ብዬሽ ነበር።

ይህን ሁሉ አይቼም ግትር አልኩ። ሞተር ሌላ፣ ብስክሌት ሌላ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ናፍቆትሽ ሲብስብኝ አንድ ተንኮል መጣልኝ። ሄልሜቱን አድርጌ ፎቶ ልነሳ፣ ልልክልሽ፣ ከዚያ መልሼ ልሰቅለው። አዎ፣ ላታልልሽ ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ስልኬን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ቆመህማ ያስታውቅብሃል» አለኝ። «እውነት እንዲመስል ትንሽ ንዳ እንጂ!»

«ማሰሪያውንም ልሰረው?»

«እህትህን አታውቃትም እንዴ? መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።»

አሰርኩት። ደረቴን ነፍቼ፣ ለካሜራው ፈገግ እያልኩ ስነዳ የቆመ መኪና በር ድንገት ተከፈተ። በሩን መትቼ ተሽቀነጠርኩና ጭንቅላቴ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ሄልሜቱ ከግንባሩ እስከ ጆሮው ተሰነጠቀ። እኔ ክርኔ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፣ በቃ።

ሹፌሩ ሮጦ መጥቶ «ስምህ ማነው? ስምህን ታስታውሳለህ?» ሲለኝ ያንቺን ስም ነገርኩት። ልብስ ሰፊው «ወይኔ፣ ጭንቅላቱ ተነክቷል!» ብሎ ጮኸ። አልተነካሁም። አንቺን እንዳልረሳሁሽ ለማረጋገጥ ነበር።

ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ልብስ ሰፊው ያነሳው ልክ በሩ ሲከፈት ነው፤ ፈገግታዬን እይልኝ እስቲ። የተሰነጠቀው ሄልሜት መስታወቱ ጎን ተሰቅሏል። ደንበኛ ሁሉ «ምንድነው እሱ?» ይለኛል፤ ግማሽ ጸጉሩን ቆርጬለት ስለሆነ የትም አይሄድም፣ ታሪኩን ሰምቶ ይነሳል። እኔም አዲስ ገዝቼ በየቀኑ አደርጋለሁ። ጎፈሬዬ የተቀመጡበት ዳቦ መስሏል፤ ወንበሬ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እሁድ ጠዋት እደውላለሁ። በይ አንሺልኝ፣ እህቴ። ስታነሺ ብቻ «ማን ልበል?» እንዳትዪኝ፤ እሱን ጥያቄ ካንቺ አፍ አንዴ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።

ያንቺው ጎፈሬ