ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስለማይታወከው ሰማይ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ፣ ወንበርዎና አዲሱ የምስጋና ምስክር ወረቀትዎ እንደ ምን ሰንብተዋል? እኛ የሦስተኛው ፎቅ ሠራተኞችዎ፣ ከአንድ ማብሪያ ማጥፊያ በስተቀር፣ ደኅና ነን።

በመቀበያ ክፍሉ በር አጠገብ የሚገኘው ነጩ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከአርባ አንድ ቀን ወዲህ በየዕለቱ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከሥራ እየተሰናበተ መሆኑን በጥልቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። በእነዚሁ አርባ አንድ ቀናት ውስጥ፣ ከምድር ወገብ በላይ ያለው ሰማይ አንድም ጊዜ አልታወከም። እንኳን ደስ አለዎት።

ሥራዬን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጣሪያችን ላይ ያለው አንቴና ከሳተላይት የሚወርደውን የሬዲዮ ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ የሚመጣው አዮኖስፌር የተባለውን፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችውን የላይኛውን የአየር ንብርብር አቋርጦ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ መታወክ ሲኖር እኛ ዘንድ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይንቀጠቀጣል። በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ይህ ንብርብር ክፉ ዐመል አለበት፤ ቀኑን በጨዋነት ይውልና የሚረብሸው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። የሥራ ሰዓት መመሪያው እንዳልደረሰው ግልጽ ነው። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በዓመቱ ዕቅድ እያንዳንዱ ክፍል የሚቆጥረውን ችግር በግማሽ እንዲቀንስ ሲያዝዙ፣ ተሽከርካሪ ክፍሉ ብልሽትን፣ መዝገብ ቤቱ የጠፉ ፋይሎችን፣ እኔ ደግሞ የሰማይን መታወክ እንድቀንስ ተመደብኩ። እኔ የምቆጥረው እንጂ የማደርሰው እንዳልሆነ በጽሑፍ ባመለክት፣ “ተነሳሽነት ይጎድላታል” የሚል መልስ ደረሰኝ። ማኅተሙ በጣም ያምራል።

ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል መሣሪያ ሁሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲጠፋ ሲታዘዝ፣ መቀበያዬም አብሮ ጠፋ። ቁልፍ የያዙትን ጋሼ ጥበቃን ብለምናቸው፣ “ልጄ፣ ሰማዩ የኔ ክልል አይደለም፤ የኔ ማብሪያ ማጥፊያው ነው” አሉኝ። በዚህ ቤት ኃላፊነቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው በማግኘቴ ተጽናናሁ። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱ “መታወክ፦ ዜሮ” ብሎ ወጣ፤ ዕቅዱ በእጥፍ ተሳካ፤ እርስዎም ተሸለሙ።

ሦስተኛ፣ ታላቅ እህቴ በሐይቁ መካከል ባለች ደሴት ላይ አዋላጅ ናት። ስልክ አይደርስም። ምጥ ሲጠና ጀልባ የምትጠራው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲሆን፣ ድምፁም የሚሻገረው ከዚያው ረባሽ ንብርብር ላይ ነጥሮ ነው። ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው ሰማይ ፀሐይ ቀድማ ስለምትጠልቅ፣ በዚያ በኩል ካለው ሳተላይት የሚመጣው መስመር መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ገና ሳይታወክ በዚያው ሬዲዮ፣ “እትዬ፣ ጀልባ ካስፈለገሽ አሁኑኑ ተናገሪ” እላት ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ማንም አልነገራትም። ሬዲዮው ሲንሿሿ አመሸ፤ ጀልባው የደረሰው በማግስቱ ነው። እናትና ልጅ በእህቴ እጅ ተረፉ። ሪፖርታችንን ለክሊኒካቸውም በክብር ልከን ነበርና፣ በጀልባው ነጂ እጅ እንዲህ የሚል ወረቀት ሰደደችልኝ፦ “አንቺ ልጅ! ሰማዩን ዜሮ ያደረጋችሁት ሰዎች፣ እስቲ እዚህ ብቅ በሉና ምጡንም ዜሮ አድርጉት!” እኔ አቅሙ ስለሌለኝ ጥያቄውን ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ማብሪያ ማጥፊያ ማንም እንዳይነካው ለጋሼ ጥበቃ በጽሑፍ ይታዘዝልኝ። መታወኩ ወደ ሪፖርቱ ተመልሶ እንደሚያሳፍረን አውቃለሁ፤ ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ።

ሰማይን በአንድ ጣት ጸጥ ላሰኘው አመራርዎ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
ተነሳሽነት የሚጎድላት የመቀበያ ክፍሉ ቴክኒሻን

ማስታወሻ፦ ከምስክር ወረቀትዎ በላይ የተሰቀለችው መብራት ሲመሽም እንደማትጠፋ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አይቻለሁ። ከእሷ ሶኬት የማራዘሚያ ገመድ ቢፈቀድልን ለመቀበያው ይበቃናል።

ማረሚያ፦ ከላይ ስለ ሰማዩ “አንድም ጊዜ አልታወከም” የተባለው፣ “አንድም ምሽት ያየው የለም” ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት አሳስባለሁ።