የቀማሽ ድስት

ሰኞ

ነቀዝ ነው። ሦስት ነቀዝ። ዘሃራ በጣቷ ጫፍ ከወጡ እያወጣች ትሪዋ ጠርዝ ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ፣ “አንቺ ቀምሰሽ ፈርመሽ የለ እንዴ?” አለችኝ።

ፈርሜያለሁ። የተማሪዎች ካፌ ቀማሽ ሆኜ ከተመረጥኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሥራችን ይኸው ነው፤ ምሳ ከመከፈቱ በፊት አምስት ሰዓት ላይ ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል እንገባለን፣ እንቀምሳለን፣ መዝገቡ ላይ እንጽፋለን። ዛሬም “ጥሩ ነው” ብያለሁ። የእኔ ክክ ጥሩ ነበራ! ዘይቱ ከላይ ፈሰስ ያለ፣ ቃሪያ ጣል ያለበት፣ በነጭ ሳህን። እንዲህ ያለ ክክ የካ አባዶ ያለችው እናቴም አትሠራም።

እና ለዘሃራ ምን ብላት ጥሩ ነው? “ጥቁር አዝሙድ ይሆናል።”

እግር ያለው ጥቁር አዝሙድ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዘሃራ አልሳቀችም። ሦስት ዓመት አንድ ዶርም ስንኖር በቀልዴ ሳትስቅ የቀረችው ዛሬ ነው። ትሪዋን ገፋ አድርጋ ወጣች።

ማክሰኞ

የሚያስጠላኝን ሁሉ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የሻወር ቤቱ ወለል። ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሽታውን እንኳ ልጽፈው አልፈልግም።

የትናንት ዘይት ያልለቀቀው ትሪ።

ቢኒ። አብሮኝ የሚቀምሰው ልጅ ነው። የሳምንቱን ፊርማ ሰኞ ጠዋት ጨርሶ ያስቀምጠዋል። የዓርብ ወጥ ገና ሳይጣድ “ጣፋጭ” ተብሎ ተጽፎለታል። ስለ ነቀዙ ስነግረው፣ “ሰብሊ፣ ምን ታካብጃለሽ? ፕሮቲን ነው” አለኝ።

እኔ። የዛሬዋም ሳህን ንጹሕ ነበረች፤ ጠርጌ በላኋት። ቢኒ ከእኔ በምን ይከፋል?

ዘሃራ ዛሬ ቁርስም ምሳም ዳቦ ብቻ። ይህን ሳምንት ምሳ ክክ ብቻ ነው፤ ላውንጅ ገብታ ከፍላ እንዳትበላ አቅም የላትም። ከቤት ያመጣሁትን ቆሎ ሰጠኋት። “ጠግቤያለሁ” አለች። መቼ በልታ?

ረቡዕ

ለዕፅዋት ትምህርት ቅጠል ልንለቅም እንጦጦ ወጣን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዘሃራ፣ “ቆዩኝ እስቲ፣ ትንሽ ልረፍ” አለች። ቁጭ ልትል መስሎኝ ነበር። ወደቀች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ስጮህ፣ ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን ጥለው መጡ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የበጠበጡት በሶ ነበራቸው፤ ቀና አድርገው ትንሽ ትንሽ አጠጧት። ዓይኗን ገለጠች።

“ምን በልታ ነው ይህን ዳገት የወጣችው?” አሉኝ።

“ዳቦ።”

“ዳቦ ብቻ? መንግሥት ያበላችኋል ሲሉ እሰማ ነበር፣ ልጄ።”

“ያበላናል፣ እማማ።”

የሰጧት ለራሳቸው ምሳ የያዙትን ነው። እኔ ደግሞ ትናንት በነጭ ሳህን ጠግቤ ነበር። ሸክማቸውን ጀርባቸው ላይ ሳነሣላቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ

ዛሬ አምስት ሰዓት እስኪሆን አልጠበቅኩም። አራት ሰዓት ላይ ኩሽና ገባሁ። በርሜል በርሜል የሚያካክሉ ድስቶች ተጥደዋል። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ትንተከተካለች።

ሽንኩርት የምትልጠዋን ወይንሸትን፣ “ይቺ የማን ናት?” አልኳት።

“የቀማሽ ናታ!” አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰላትም።

ከትልቁ ድስት በጭልፋ አውጥቼ አየሁ። ጥቁሩ ከቢጫው ጋር እየተገላበጠ ይንሳፈፋል። ወጥቼ ከግንቡ ሥር አስመለስኩ። ከትልቁ ድስት አንድም ቀን አልጎረስኩም፤ ያንገሸገሸኝ ያቺ የሦስት ሳምንቷ ትንሽ ድስት ናት።

የኩሽናው ኃላፊ እትዬ አስካለ ውኃ በጣሳ ይዘው ተከተሉኝ። ፊቴን አስታጠቡኝ።

“እኔ አልጀመርኩትም” አሉ። “ስቀጠርም ነበረ። ክኩን ከመጋዘን የሚሰጡኝ ከነነቀዙ ነው። ብናገር ብናገር ‘ለቅመሽ ሥሪው’ ነው መልሳቸው። የዚህን ሁሉ ሰው ክክ በየትኛው ጣቴ ልልቀመው?” ጣሳውን ግንቡ ላይ አስቀምጠው፣ “ብትጽፊው የምባረረው እኔ ነኝ፣ ልጄ። የመጋዘኑ ሰውዬ አይደለም” አሉ።

ተናደድኩባቸው። አሳዘኑኝም። ዘሃራ ዛሬም ዳቦ።

ዓርብ

ነጩ ሳህን መጣ። አልነካሁትም። ቢኒ የሁለታችንንም በላ። መዝገቡን ሳብኩና እንዲህ ጻፍኩ፦

“ሦስት ሳምንት ‘ጥሩ ነው’ እያልኩ የፈረምኩት ለቀማሽ ተለይቶ ከሚሠራ ትንሽ ድስት እየበላሁ ነው። የተማሪውን ወጥ አንድም ቀን አልቀመስኩም። ትናንት ከትልቁ ድስት አውጥቼ አየሁ፤ ነቀዝ አለበት። ክኩ ከመጋዘን ሲወጣ ጀምሮ የነቀዘ ነው። የኩሽና ሠራተኞች ይህን ደጋግመው ተናግረዋል፤ የሰማቸው የለም።”

ፈረምኩ። ቢኒ አንብቦ፣ “አብደሻል? የራስሽን ስም በራስሽ እጅ?” አለ። ከዚያ የራሱ ስም ትዝ ብሎት መሰለኝ፣ ማኘኩን አቆመ።

ሰው አላምንም። ገጹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ የተማሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። መጀመሪያ የተሰደብኩት እኔ ነኝ። “የነጭ ሳህን እመቤት” ተብያለሁ። ምን እላለሁ? እውነት ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት የካፌው አስተዳደር ቢሮ ተጠራሁ። “መዝገቡ የቅሬታ መጻፊያ አይደለም” ተባልኩ። ገጹ ተቀዷል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ካለው የቀማሾች ዝርዝር ስሜ ተሰርዟል። ደግ! የዚያን ሳህን ፊት ከማይ ብሰረዝ ይሻለኛል።

ግን ስወጣ የመጋዘኑ በር ወለል ብሏል። ጆንያዎቹ ወጥተው ክኩ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሊጥሉት ይሁን ነፍተው ሊመልሱልን፣ የሚያውቅ የለም።

ምሳ ያው የቀረው ክክ ነበር። ትሪ ይዤ ከዘሃራ ኋላ ተሰለፍኩ። እትዬ አስካለ ሥራ ላይ ናቸው። ሰኞስ? እንጃ። ተራዬ ሲደርስ ትክ ብለው አዩኝ፤ ከትልቁ ድስት ጨልፈው፣ “አይተሽ ብይ” አሉኝ። በትከሻቸው በኩል ጥጉን ቃኘሁት። ትንሿ ድስት አልተጣደችም።

ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ትሪዬ ጠርዝ ላይ ደረደርኳቸው። ዘሃራ ስታየኝ ቆየችና፣ “ምነው፣ ጥቁር አዝሙድ አትወጂም እንዴ?” አለች።

ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ እንጀራዋን ቆርሳ፣ በለቀምኩት በኩል ከእኔ ትሪ አጥቅሳ ጎረሰች። ከሰኞ ወዲህ ወጥ ስትቀምስ የመጀመሪያዋ ነው።

እኔም ጎረስኩ። ቀፈፈኝ። ዋጥኩት።