የገና ለት ሬዲዮው እንዴት እንደነበር ልንገርህ

ይድረስ መልእክተኛ ከማይደርስበት አገር ላለኸው ለባሌ ለአለኸኝ፤

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። መልሱን አልሰማውም፤ ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለት ደግሞ ከእንግዲህ በቃኝ። ከቤት የወጣህ በመጪው ገና አራት ዓመት ይሞላሃል፤ ካረፍክ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖሃል። ተዝካርህን አውጥቼ፣ ከሌን አውልቄ፣ እንደው ሐዘኑ ቦታውን ያዘልኝ ብዬ ነበር። ያለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልሸጥ ፍኖተ ሰላም ወርጄ የሰማሁት ነገር ግን ክው አድርጎኝ ይኸው አምስት ቀን እህል ከአፌ አይገባም። ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረድብኝ። ድሮም መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር፣ ዶሮ የጫረችው ይመስላል እያልክ ትስቅብኝ ነበር፤ አሁንም ያው ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ ወደ ዋናው ነገር ለመድረስ ልቤ ይፈራል። ቀዩ በሬህ ሞቷል። በርበሬውን ዘንድሮ በወንድሜ አሳርሼ ደህና ሰጠን። ከቆላ በሰው አፍ ስሟን ጥሩወርቅ በሉልኝ ብለህ የላክህባት ልጅህ አራት ዓመቷን ልትደፍን ነው። እንዳንተ ግራኝ ናት። ዱላ ካገኘች የጓሮው ድንጋይ ሁሉ የገና ጥንግ ይመስላታል፤ ሁለት እንስራ ሰብራብኛለች። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። ለመጣ ለሄደው ሁሉ፣ ልጄ በሬዲዮ ሲገጥም በዚህ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ ይላሉ። እስከ ቅዳሜ ድረስ እኔም አብሬያቸው ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ያን ዓመት ታስታውሳለህ። ፍኖተ ሰላም ዳር ያለችው ትንሿ የሬዲዮ ጣቢያ ስለ ማዳበሪያና ስለ ውይይት ክበብ ስታወራ ውላ ሰሚ ያጣች ጊዜ ነው። ሞተሯ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ያርፋል። ልትዘጋ ነው ተብሎ ተወርቶ ነበር። ኃላፊዋም ጠጋኟም ተናጋሪዋም ያው አንድ ሰው፣ ጓድ ስማቸው፣ እኛው አገር ማንኩሳ ድረስ በእግሩ መጥቶ ከናንተ ከገና ተጫዋቾቹ ጋር ተዋዋለ። እናንተ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተሸክማችሁ የወደቀውን አንቴናውን ታቆማላችሁ፣ ጨዋታውንም ጣቢያው ጎን ባለው ሜዳ ታደርጋላችሁ፤ እሱ ማይክራፎን በሽቦ ጎትቶ ሜዳ ላይ ያቆምና ጨዋታውን ለአገሩ ሁሉ ያሰማል። አገር ካዳመጠ ጣቢያዋም ትተርፋለች፣ የእናንተም ድምፅ በየገናው ይሰማል። አንዲት ነገር ብቻ ለመነ፤ ባለሥልጣን የሚነካ ግጥም እንዳይኖር። የቡድኑ አለቃ ነህና አንተ ፈረምክ።

መፈረምህን ስትነግረኝ ሳቅሁብህ። ገናን ያለ ስድብ ማን ተጫውቶት ያውቃል? በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል ነው ያደግነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እንኳ ስለ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቦርጭ ስትገጥምበት፣ ሰውየው ራሱ ከት ብሎ ስቆ ጠላ አስቀዳላችሁ። የሜዳ ስድብ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ይዞት ቤት የሚገባ ሰው ነውረኛ ነው። ሬዲዮ ግን ልማዱን አያውቅም። የሜዳውን ወስዶ ደብረ ማርቆስ ያሉ ትልልቆቹ ጆሮ ያስገባዋል፤ እነሱ ደግሞ ስቀው አያልፉም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ አንተም ታውቅ ነበር።

እኔ ሆዴ ገፍቶ መንገዱ አልሆነልኝምና ቤት ቀረሁ። ከአጎትህ የተዋስከውን ሬዲዮ መደቡ ላይ አስቀምጠህ፣ ቁጥሩ ያለበት መስተዋት ላይ በከሰል ምልክት አድርገህ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳታደርጊው፣ ድምፄን ሰምተሽ ማታ ትነግሪኛለሽ ብለኸኝ ሄድክ። ደስ ብሎህ ነበር። ያን ጠዋት የለበስከው ነጭ ጋቢ ዛሬም አለ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ አፏጨ። ፉጨት ብቻ። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ይሆናል ብዬ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ መልሼ ባስገባውም ያው ነው። ጨነቀኝና ያልከኝን ትቼ ቁልፉን አዞርኩት፣ ጣቴም ከሰሉን አጠፋው። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ የት እንደነበር እንኳ ጠፋኝ። አበላሸሁት ብዬ አለቀስኩ። ለአንድ ቀን አምኖኝ አንድ ነገር ቢሰጠኝ፣ እሱንም ገደልኩት አልኩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መጣህ። አቧራ ለብሰህ፣ በሩ ላይ ቆመህ፣ ሰማሽኝ ወይ አልከኝ። እኔ ሞኟ፣ ልብህ እንዳይሰበር ብዬ፣ ልቅም አድርጌ ሰማሁህ፣ አንዲት ቃል አላመለጠኝም አልኩህ። አንተ ግን አልሳቅክም። ጨዋታው ሲግል ባለሥልጣን የሚነካ ግጥም እንዳመለጠህ ነገርከኝና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ አልክልኝ፤

አድራሻው ቢጠፋን ስንጠይቅ በተርታ፣
በሊቀ መንበር ቤት አደረ ወይ ኮታ?

እሷስ በሬዲዮ ወጣች ወይ አልከኝ። ከእኛ ጎተራ ለመንግሥት በኮታ ተጭኖ የሄደውን ጤፍ አሰብኩና ሳቄ መጣ። አዎ፣ እሷማ ከሁሉም ጠርታ ወጣች አልኩህ። ያን ጊዜ ፊትህ አመድ መሰለ። ያኔ እንኳ ዞር ብዬ ዋሽቻለሁ ማለት እችል ነበር። ግን አገሩ ሁሉ የሰማው፣ እኔ ብቻ በገዛ እጄ አበላሽቼ ያልሰማሁት መስሎኝ ነበር። የእኔ አለመስማት ምን ይፈይዳል አልኩና ዝም አልኩ። እናትህም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰው ሁሉ ሰማን እያለ ነው አሉ፤ ወዲያው እሳቸውም ሰምቼሃለሁ አሉህ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መታሰርን ፈርተህ ወደ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ቆላ ወረድክ።

በሁለተኛው ሳምንት ጣቢያዋ ተዘጋች፣ ጓድ ስማቸውም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። በአለኸኝ ግጥም ነው ተባለ። ደምበጫ ያለችው እህቴ ሳትቀር ሰምቻለሁ አለች፤ ሬዲዮ የሌለው ሰው ሁሉ ሰማሁ አለ። ክረምት ሊገባ ሲል በነጋዴ ልከህ፣ ልመለስ ወይ፣ የፈለገኝ ሰው አለ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። የፈለገህስ የለም፣ ግን ወሬው ገና አልበረደም፣ ትንሽ ቆይ ብዬ ላክሁብህ። ቆየህ። ጥቅምት ላይ ወባ ወሰደህ።

ለቅሶህ ላይ ሊቀ መንበሩ መጥቶ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ይህ ጎበዝ ልጅ ምን ነክቶት ቆላ ወረደ ብሎ ጠየቀኝ። ሊያላግጥብኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩበት።

ቅዳሜ ለት፣ አለኸኝ፣ በርበሬዬን ዘርግቼ እንደተቀመጥኩ አንድ ራሱ የሸበተ ሰው ሊገዛ መጥቶ ጎንበስ አለ። ጓድ ስማቸው ነው። ለዓመት በዓል ወደ ዘመዶቹ መጥቶ ነው። አወቀኝና አለኸኝ እንዴት ነው፣ ይቅርታ ልጠይቀው የሚገባኝ ሰው ነው አለ። መሞትህን አልሰማም ነበር። ምን አድርገኸው ነው ይቅርታው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ለገና ዋዜማ ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር። ጠዋት እናንተ አንቴናውን አቁማችሁ፣ ሜዳው በሰው ሞልቶ ሲያይ አፍሮ መናገር አቃተው። የሞተ ማይክራፎን ፊታችሁ አቁሞ ዋለ። አንዲት ቃል አልወጣችም። የኛ ጨዋታ፣ ያ ውል፣ ያ ሁሉ ምሰሶ፣ ከሜዳው አላለፈም። ጣቢያዋም የተዘጋችው ሞተሯ ስለሞተ ነው።

ቆይ፣ አላለቀም። ሊቀ መንበሩ ስለ ግጥሙ ከሜዳ ሰው ሰምቶ በሦስተኛው ቀን ጣቢያው ድረስ ሄዶ ነበር አለኝ። ጓድ ስማቸውም፣ በሬዲዮ አልወጣም ጌታዬ፣ ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር ብሎ እውነቱን ነገረው። ሰውየው ሳቀ። በሬዲዮ ካልወጣማ የገና ነገር ነው፣ ተዉት ብሎ ሄደ። አንተ ያን ጊዜ ሁለት ቀን የሄድክ መንገደኛ ነህ።

በርበሬውን እዚያው ጥዬ መምጣቴን ቤት ደርሼ ነው ያወቅሁት። መንገዱን በምን እግር እንደሄድኩት አላውቅም። ደርቄያለሁ፣ ዓለሜ። እስከ ዛሬ ስረግም የኖርኩት መንግሥትን ነው፣ ሊቀ መንበሩን ነው፣ ወባን ነው። አንድም ቀን ራሴን አልረገምኩም። ቀኑን ሙሉ አፏጨብኝ ብዬህ ቢሆን፣ አንተ ነገሩን የምትተው ሰው አልነበርክም፤ በነጋታው ጓድ ስማቸውን ይዘህ ትጠይቀው ነበር። ባትጠይቀውም፣ የላክኸው ነጋዴ ሲመጣ እኔ ጆሮዬ አልሰማም ማለት እችል ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቅኸኝ፣ ሁለቴም መለስኩልህ።

ለእናትህ እንዴት እንደምነግራቸው አላውቅም። ምናልባት ለእሳቸው አልነግርም፤ በዓይናቸው ምትክ የቀራቸው ያ ሰማሁ ያሉት ነው። ሊቀ መንበሩን ግን ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ለቅሶ ደራሽ ፊት ማዞሬ ከበደኝ።

ገና ሲደርስ ደግሞ ጥሩወርቅን አዝዬ ሜዳው ዳር እቆማለሁ። ግጥምህን አስተምሬያታለሁ፤ ኮታ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትለዋለች። ሰዉ እንደ ልማዱ የአለኸኝን ድምፅ በሬዲዮ ሰምተን ነበር ሲል፣ እኔ በሁሉም ፊት ፉጨት ነበር እላለሁ። ትልቅ ስትሆን ለልጅህም ይህንኑ እነግራታለሁ፤ አባትሽን የገደለው ምን እንደሆነ ከሌላ ሰው አፍ አትስሚ እላታለሁ። በሩ ላይ ቆመህ ስትጠይቀኝ የነበረው ፊትህ እስክሞት ከዓይኔ አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አልፈቅድም።

ጥያቄህን አራት ዓመት አዘግይቼ ይኸው እመልስልሃለሁ። አልወጣችም፣ አለኸኝ። አልሰማሁህም።

ሚስትህ ስንዱ