ለሳሊና ዓሦች ስለታዘዘው ክዳን

ለተከበሩ የቀጠናችን የንጽሕና ቁጥጥር ኃላፊ ለአቶ ገብረሕይወት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ልጆችዎንም እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።

እኔ ኣልጋነሽ ጎደፋ እባላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ተቆጣጣሪዎ ወይዘሮ ኣምለሰት ቤቴ መጥተው፣ በጥቅምት ያረፈችው ልጄ ሳሊና ዓሦች ታኖርበት የነበረውን የመስታወት ገንዳ «ክዳን የሌለው የውሃ ማጠራቀሚያ» ብለው መዘገቡልኝ፤ እስከ ሰኞም እንደ በርሜል በላስቲክ ተሸፍኖ በገመድ ካልታሰረ እንደሚደፋ በጽሑፍ አሳወቁኝ። ስለ ወባ ትንኝ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። የዓይናለም ጉድጓዶች ውሃ በተራ በሚደርስበት ከተማ የሚደፋ ውሃ እንዳለኝ ስላስታወሳችሁኝም እንዲሁ።

ሆኖም በትሕትና የማመለክተው አለኝ።

አንደኛ፣ ዓሣ አየር ይፈልጋል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ አላውቅም ነበር፤ የነገረችኝ ልጄ ናት። ጽሕፈት ቤትዎ የተማረ ሰው የሞላበት ስለሆነ ረስቶት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ትእዛዝ አክብሬ ላስቲኩን አሰርኩ። ከሰዓት በኋላ የቀሩት ሁለቱ ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲከፍቱና ሲዘጉ አየሁ። እንዲህ ያለ አፍ ሆስፒታል ውስጥ አይቻለሁ። ቋጠሮውን መፍታት ስላቃተኝ በቢላዋ ቆረጥኩት።

ሦስተኛ፣ ክፍቱን እንዳልተወው፣ ሦስተኛውን ዓሣ በኅዳር ዘሎ ወጥቶ ወለል ላይ ደርቆ አግኝቼዋለሁ። ጣውላ ብርሃን ይከለክላቸዋል። መስታወት ላስቆርጥ አስቤ፣ ተሰብሮ ቢወድቅባቸውስ ብዬ ፈራሁ። አሁን የማልፈራው ነገር የለም።

በመጨረሻ በእንጨት ክፈፍ ላይ አጎበር ወጥሬ ከደንኩት። አየር ያስገባል፣ ትንኝ አያስገባም፣ ዓሣም አያስወጣም። ወይዘሮ ኣምለሰት ግን ዓርብ ተመልሰው፣ አጎበሩ ለሳሊና አልጋ ከእናንተ የተሰጠ መሆኑን ከላዩ ከተጻፈው ስም አንብበው፣ ከመኝታ ውጭ ማዋል ክልክል ነው ሲሉ ሁለተኛ ጥፋት ጻፉብኝ። ለአልጋው ስላሰባችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ገንዳውን እንዳትደፉብኝ እለምናለሁ። ከእጇ የበሉ፣ በቤቴ የቀሩ፣ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ለትንኙም ለውሃውም ለአልጋውም የሚተርፈውን ትጋትዎን እያደነቀች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የምትደነግጥ አክባሪዎ፣

ኣልጋነሽ ጎደፋ
መቐለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመዝገባችሁ የቤተሰቤ ብዛት አሁንም ሁለት ይላል። ወይዘሮ ኣምለሰት ሁለት ጊዜ ገብተው ገንዳውን ለክተው፣ አጎበሩን መርምረው ሲወጡ ይህን ስሕተት አላዩትም። እባክዎ፣ እርሱን እንዳታርሙብኝ።