እርጥብ ሳሙና

ጎንደር
ሚያዝያ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለላቀው፣ ካለህበት፤

ጤንነትህን የምጠይቅህ ለደብዳቤ ወግ ሳይሆን የምሬን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያው ነው፤ ሲሻው ይታዘዛል፣ ሲሻው ያኮርፋል። እህትህ ወይንሸትም ደህና ናት። ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትታ የቤቱን ዕቃ ሁሉ አዘዋውራብኝ መነጽሬን ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅህን የሰማሁት በሆሳዕና ዕለት ነው። ታስል ነበር። “አቧራ ነው እማዬ” አልከኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት አዋላጅ ነርስ የነበረች እናትህን ሚላኖ ውስጥ፣ ሽማግሌዎች በምትጦርበት በዚያ ንጹሕ ቤት፣ አቧራ አለ ብለህ ልታሳምን! አምኜህ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አንዲት ሴትዮ ናት በጣልያንኛ የምትመልስልኝ። ሁልጊዜ ያንኑ ነው የምትለው። ማኪናና ቦርሳ ከሚሉት በቀር ቋንቋውን አላውቅም፤ ስለዚህ “ልጅሽ ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው” ትላለች ብዬ ወስኛለሁ። ድምጿ ሸጋ ነው። አንዳንዴ እሷን ለመስማት ብቻ እደውላለሁ።

እስቲ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ። መጋቢት ማለቂያ ላይ አዋጁ ሲታወጅ በራችን ላይ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከነቧንቧው ሰቀልኩ። ሳሙናውን በአንተ አሮጌ ካልሲ ከትቼ አጠገቡ አንጠለጠልኩት። “ሳይታጠብ የሚገባ የለም” ብዬ በካርቶን ጽፌ ለጠፍኩ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ በሳምንቱ ግን ጀሪካን ያልሰቀለ ቤት አልነበረም።

አንድ ነገር ሳላስብ ቀርቻለሁ። እኛ አገር ደጅ ላይ የእጅ ውሃ የሚቀመጠው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከቀብር የተመለሰ ሰው ታጥቦ ወደ ሐዘን ቤት እንዲገባ ነው። አሁን ከበራችን ቆሜ ቁልቁል እስከ አስፋልቱ ስመለከት በየቤቱ ሰው የሞተ ይመስለኛል። መንገዱ ጭር ብሏል። ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ ዲያቆኑ “ተንሥኡ ለጸሎት” ሲል ደጀ ሰላሙ ላይ የሚነሣ ምእመን የለም። እኔ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ከሶፋው እነሣለሁ።

ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ደግሞ ሳሙናው ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይጠብቀኝ ጀመር፣ ወደ ቤታችን የገባ ሰው ሳይኖር። መጀመሪያ ጤዛ መሰለኝ። ቀጥሎ ውሃው መጉደሉን አየሁ። ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ የሰው ውሃ የሚጨርስ ምን ዓይነት ጋኔን ነው ብዬ ተናደድኩ። አንድ ቀን ማልጄ ስወጣ የበሩ ቆርቆሮ ላይ መዳፍ አገኘሁ። አምስቱም ጣቶች ቁልጭ ብለው ታትመዋል፤ ውሃው ገና ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሊያንኳኳ አስቦ የተወው ሰው እጅ ነው። ማንም የለም። ጭቃው ላይ ግን የብዙ ሰው ጫማ ነበር፣ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቆ የቆመ ሰው።

አልዋሽህም፣ ፈራሁ። አባትህም መስሎኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና እሱም ሳይታጠብ አይገባም ነበር።

ለወይንሸት ስነግራት “ድመት ይሆናል” አለች። በሳሙና የምትታጠብ ድመት! ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እሷ ግን ጭምብሏን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። ቤት ውስጥ ጭምብል ማድረግ ጀምራለች፤ “ለአንቺ ብዬ ነው፣ አንቺ እኮ አሮጊት ነሽ” ትለኛለች። የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው፣ እሱም ቀልቷል። ስልክ የምታወራው መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋ ነው። ቴሌቪዥኑ የጣልያንን ዜና ሲጀምር መብራት ሳይጠፋ እሱ ይጠፋል።

ሐምዛን አትረሳውም፣ ባለሱቁን፤ በእግሩ ሲመጣ በስንት መከራ ያዋለድኩትን። ያ ለፍላፊ አሁን እኔን ሲያይ ሚዛኑን ይጠርጋል። ባለፈው ሰኞ ጨው ልገዛ ገብቼ ከበሩ ጀርባ አንድ ከዘራ ተደግፎ አየሁ። እጀታው ላይ መዳብ የተጠመጠመበት ነው። የአጎትህን የአያ ነጋን ከዘራ ደግሞ በጨለማም ቢሆን አውቀዋለሁ። አያ ነጋ ከመካነ ብርሃን ወጥቶ ያውቃል? ለምርቃትህ ለምነነው አልመጣም። አሁን መኪና ከከተማ ከተማ እንዳይሄድ በተከለከለበት ጊዜ፣ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አቋርጦ መጥቶ የወንድሙን ቤት አልፎ ሐምዛ ዘንድ ያድራል።

“ይሄ ከዘራ የማነው?” አልኩት።

“የዘበኛው ነው፣ እማማ” አለኝ ዓይኑን ሰብሮ።

ሐምዛ ዘበኛ ኖሮት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ጋኔኑንም አባትህንም ተውኳቸው። ደንቡን አውቀዋለሁ። ነርስ ናት፣ አትደነግጥም እያሉ ሁልጊዜ ከፊት የሚያስቀድሙት እኔን ነበር፤ ለጎረቤታችን ለለተ ማርያም የባሏን መርዶ ያረዳኋት እኔ ነኝ። ማልዶ ነው የሚኬደው፣ ባለሐዘኑ እህል ሳይቀምስ። ከዘመድ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ቤት ተገብቶ፣ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ደጅ ላይ ተቁሞ መርዶ አይነገርም። እንግዲህ ላቀው፣ የገባ ሰው ከሌለ የተነገረ ነገር የለም።

ትናንት ሊነጋጋ ሲል በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኋቸው። ቧንቧው ሲከፈትና ሲዘጋ ቆጠርኩ፤ አምስት ጊዜ ነው። ካርቶኑ ላይ የጻፍኩትን አክብረው ይታጠባሉ፤ ታጥበው ሲያበቁ ግን ለማንኳኳት ወኔ ያጣሉ። ስንዝር ያህል ከፈትኩ። አፋቸውን ሸፍነው፣ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ተራርቀው ቆመዋል። “እንዴት አደራችሁ?” አልኩ። አፍ ለአፍ እንዳይተያዩ ተሸፍነዋል፤ መሬት መሬት አዩ።

“ምነው እቴ፣ ብንገባ?” አለ አያ ነጋ።

“እንኳን ደህና መጡ አያ ነጋ። ግን አዋጅ አለ፤ ከአራት በላይ መሰብሰብ አይቻልም። እናንተ አምስት ናችሁ።”

“እንግዲያማ እኔና ለተ ማርያም እንግባ። ሌላው እዚሁ ይቁም።”

“ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው ደግሞ ዐሥራ አራት ቀን ሳይሞላው ሰው ቤት አይገባም። ስንት ቀንዎ ነው?”

ሽማግሌው በጣቱ ቆጠረ፤ መዋሸት አይችልበትም። “ዛሬ ዐሥራ ሁለት” አለ።

“ሁለት ይቀርዎታል። በጤና ሕግ አይቀለድም።”

ቀና ብሎ አየኝ። ገባው። “ሸጋ” አለ፣ “ለልደታ እንመጣለን።” አንድ በአንድ ሄዱ። ወይንሸት ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ዘወር ብዬ አላየኋትም። ካየኋት መርዶውን እሷ ፊት ላይ አነበዋለሁ።

ሂድ፣ ሰው ሁን ያልኩህ እኔ ነኝ። አባትህ ይቅር ሲል የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሌሊትና ቀን አስበዋለሁ፣ እንድታውቀው ብዬ ነው። ናፍቀኸኛል፤ ሳልህ ራሱ ናፍቆኛል።

ነገ ግንቦት ልደታ ነው። ስንዴውንና ሽምብራውን ዘፍዝፌዋለሁ። ወይንሸት ብዛቱን አይታ “ዘንድሮ ደጅ ወጥቶ የሚበላ የለም፣ ይሄ ሁሉ ንፍሮ ለማን ነው?” አለችኝ። ለልደታ አልኳት። ንፍሮ ለልደታም ይቀቀላል፣ ለለቀስተኛም ይቀቀላል፤ አዘፋዘፉ አንድ ነው።

ይህን ደብዳቤ ወይንሸት ፎቶ አንሥታ በስልክህ እንድትልክልህ ልሰጣት ነበር፤ ስትቀበለኝ እጇን እንዳላይ ብዬ ተውኩት። መንገዱ ሲከፈት በፖስታ ይደርስሃል። አንተ ግን ሳታነበው ደውል። ዛሬ ስልኩ ከእጄ አይለይም። ከደወልህልኝ ነገ አያ ነጋን ንፍሮ አብልቼ፣ በሰው ልጅ ላይ ሟርት ይዞ መዞር እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ነግሬ እሸኘዋለሁ። ካልደወልህ በሩን እከፍታለሁ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ዐሥራ አራት ቀኑ ይሞላል።

ልደታ ለማርያም ባለህበት ከአንተ አትለይ። የጠባኸው ጡቴ ይመርቅህ፤ ሌሊትህ ብርድ አይኑርበት፣ እጅህን የሚይዝ ሰው አይጥፋ።

እናትህ
የትነበርሽ

ደግሞ ሳልነግርህ፤ ሳሙናውን ለውጬ ጀሪካኑን ሞልቼ አሁን ገባሁ። ለብዙ ሰው ይበቃል።